ጉና ያልወለደው ደንጊያ

እየሮጥኩ ነው። ከጉና ትከሻ ቁልቁል፣ የጓሳውን ሣር እየደረመስኩ፣ አንዱን ሸራ ጫማዬን ረግረግ ውስጥ ትቼ። «ሚሊኒየም» ተብሎ የተጻፈበትን ኮፍያዬን ነፋስ ነጠቀኝ፤ ዞር ብዬም አላየሁት። በቅሎዋ ከምንጩ ቀና ብላ አየችኝ። «ይኼ ደግሞ ዛሬ ምን አጠፋ?» ሳትል አትቀርም። ታውቀኛለቻ።

ያጠፋሁት ይኼ ነው፤ የአባቴ ደንጊያ ለሁለት ተሰበረ። የሰበረችው ኢንጂነር ኤሌኒ ናት። መዶሻው የሷ፣ ውሸቱ የኔ። እታች መንደር ደግሞ ደረጄ የሚባል ሚሊሻ አለ። ደረጄ ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው ክላሹን አንግቶ የሚሄደው ወደ ደንጊያው አይደለም፣ ወደኛ ቤት ነው። የደረጄን አባት የገደለው አባቴ ነዋ።

ቁልቁለቱ ረጅም ነው፤ እየሮጥኩ ልንገራችሁ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ኅዳር። አገሩ ገና ከሚሊኒየሙ ጭፈራ አልወጣም፤ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ውስጥ ያው የመስከረሙ ዘፈን ነው የሚጮኸው። ሁለት የደንጊያ ሊቃውንት ከአዲስ አበባ በላንድክሩዘር መጡ። የደንጊያ ካርታ እንሠራለን አሉ። አንዱ ዶክተር ዳኛቸው ናቸው፤ ትልቅ ሰው፣ ጉልበታቸው ዳገት አይወድም፤ ደብረ ታቦር ሆቴል ተቀምጠው ካርታውን በባለቀለም እርሳስ ያቀልማሉ። ዳገቱን የምትወጣው ኤሌኒ ናት። እኔን በቅሎ ሳቢ አድርገው ቀጠሩኝ። ተራራውን አውቀዋለሁ፣ ወሬም አያልቅብኝ። ትምህርትን ከጠየቃችሁኝ ሦስተኛ ክፍል ነኝ፤ ሦስት ጊዜ ስለተማርኩት ግን አምስተኛ ብላችሁ ብትቆጥሩልኝ አልቀየምም።

መጀመሪያ ቀን «እርስዎ» አልኳት።

«አታስረጀኝ። አንቺ በለኝ» አለች።

«ታዲያ አንቺ ኢንጂነር፣ ደንጊያ ለምን ትልሻለሽ?»

ትልሳለች! እውነቴን ነው። ሰብራ፣ በምራቋ አርጥባ፣ አንገቷ ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ ማጉያ መስታወት አንድ ዓይኗን ጨፍና ታየዋለች። ከብት አሞሌ ሲልስ አይቻለሁ፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደንጊያ ስትልስ ግን ያኔ ገና ማየቴ ነው። ስትልስ ቆይታ ስሙን ብርቱካናማ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ከዚያ የእጅ ስልክ የሚመስለውን፣ ከሳተላይት ጋር የሚነጋገረውን ዕቃ ከፍ አድርጋ ቦታውን ትመዘግባለች። ሁለት ቀን ሙሉ የጻፈችው ያንኑ ነው፤ ጥቁር ደንጊያ፣ ጥቁር ደንጊያ፣ ግራጫ ደንጊያ፣ ጥቁር ደንጊያ።

«ጉና ድሮ እሳት ይተፋ ነበር» አለችኝ። «ይኼ ሁሉ የቀዘቀዘ እሳት ነው። ሌላ ነገር አትጠብቅ።»

በሦስተኛው ቀን ከሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በላይ ወጣን። እዚያ፣ ጅብራ ከሚባሉት የደጋ ተክሎች አጠገብ፣ ሃያ ሦስት ደንጊያ ተሰልፎ ቆሟል። ወገባቸው ድረስ ተቀብረዋል፤ ሣር በቅሎባቸዋል፣ ሽበት ወጥቶባቸዋል። ኤሌኒ አንዱ ሥር ተንበረከከች። ላሰችው።  ሁለተኛው ጋ ሄደች። ከዚያ እየዳኸች ነው የቀጠለችው።

«ሺስት» አለች።

ያስነጠሳት መስሎኝ «ይማርሽ» አልኳት።

አልሰማችኝም፤ ለካ የደንጊያ ስም ነው። «ይኼኛው ናይስ ነው። ነጭና ጥቁር፣ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ተጣጥፎ። ይኼ ደግሞ ... ይርጋ፣ ና እይ፣ ና!»

ያየችው የአባቴን ደንጊያ ነው። እኔ ደግሞ በቅርብ አይቼው አላውቅም፤ አይፈቀድማ። ብርማ ነው፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል፤ በመሃሉ ደም የጠገበ ትኋን የሚያክሉ ቀይ ፍሬዎች ተሰክተውበታል።

«ሜታሞርፊክ ነው» አለች። «የተለወጠ ማለት ነው። መጀመሪያ ጭቃ ነበር፣ የባሕር ሥር ጭቃ። ከላይ ተራራ ተጫነው፣ ከሥር እሳት ጠበሰው፤ ግን አልቀለጠም። ሳይቀልጥ ሌላ ሆነ። ምናልባት ስምንት መቶ ሚሊዮን ዓመት ይሆነዋል። ከዚህ ጋር ሲተያይ ጉና ትናንት ጡት የጣለ ሕፃን ነው።»

«እና ምን ያስደንቃል?»

«እዚህ መኖር የለበትማ! እንዲህ ያለው ደንጊያ ከእግራችን ሥር በጣም ጥልቅ ነው ያለው። ጉና አናት ላይ ከወጣ የሁላችንም ካርታ ተሳስቷል። አዲስ ስም ይወጣለታል። በስሜ የሚታተም ግኝት ነው።» ከዚያ ቆም አለችና ትክ ብላ አየችኝ። «ይርጋ፣ እነዚህን ሰው ነው የተከላቸው?»

ጠይቃኛለች። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ ልጅቷ ሞኝ አይደለችም፣ ጠይቃኛለች።

እኛ ቀበሌ ደንብ አለ። ነፍስ ያጠፋ ሰው ይሸሻል። አንዱ ቋራ ይወርዳል፣ አንዱ ሁመራ፣ አንዱ መተከል ወርቅ ከሚያጥቡት ጋር ይቀላቀላል። ዓመታት አልፈው፣ ሽማግሌ መሃል ገብቶ «ና» ሲባል ታዲያ ባዶ አንገቱን አይመጣም። ከሸሸበት አገር ደንጊያ አንስቶ፣ በአንገቱ ተሸክሞ፣ በእግሩ ይመጣል። ሌላ አገር ለዕርቅ የሚሸከሙትን ደንጊያ ከደጃቸው ነው የሚያነሱት፤ የኛዎቹ ግን «እሱማ ምኑ ደከመ?» ባዮች ናቸው። የሟች ወገን «አውርዱለት» ካለ ይወርድለታል። ደንጊያው ከሚካኤል በላይ ወደ ምሥራቅ ጋደል ተደርጎ ይተከላል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። የተነካ ቀን ደሙ እንደ አዲስ ይቆጠራል።

አባቴ ይሻው በውሃ ተራ ተጣልቶ የደረጄን አባት በሽመል መታ። አንድ ጊዜ ነው የመታው። ያኔ አምስት ዓመቴ ነበር። ስድስት ዓመት መተከል ተቀመጠ፤ ሲመለስ የሙክት ክብደት ያለው ደንጊያ አንገቱ ላይ ነበር። መንግሥትም ድርሻውን አስሮ ለቀቀው። እስከ ዛሬ አንገቱ ወደ ግራ ያዘነብላል።

ታዲያ ምን ልበላት? «ያቺ የላስሻት አባቴ ሰው ገድሎ ያመጣት ናት» ልበላት? ሦስት ቀን ሙሉ በወሬዬ ስትስቅ ለከረመች ልጅ?

«ሰው?» አልኩ። «ማን ሥራ ፈት! ከተፈጠሩ ጀምሮ እዚሁ ናቸው። የአያቴ አያትም እዚሁ ነው ያገኛቸው።»

ውሸት ደግሞ እንደ ጠላ ነው፣ አንዱ ሌላውን ይጠራል። «ከሥራቸው ሰባት ክንድ ተቆፍሮ ማለቂያ ታጥቶላቸዋል» አልኩ። ኤሌኒ ኮምፓሷን እያንዳንዱ ላይ አስጠግታ ለካች። «ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አጋድለዋል!» አለች። «ሰው ቢተክላቸው እንዲህ አይስማሙም።» ምሥራቁን ለክተው የሚተክሉትን ቄሶቻችንን አታውቅማ። ቋጥኝ የሚያክል ሳቅ መጣብኝ፣ ዋጥኩት።

ማታ ደብረ ታቦር ተመልሳ ለዶክተሩ ነገረቻቸው። እሳቸውም ከነገ ወዲያ በበቅሎ ወጥቼ አያለሁ አሉ። ዛሬ ብቻችንን ወደ ደንጊያዎቹ ተመለስን። «ከላይ ፀሐይና ዝናብ ስላበላሸው ትኩስ ገጽ ያስፈልገኛል» ስትል ነገሩ አልገባኝም፤ በቅሎዋን ውሃ ላጠጣ ወረድኩ። ጥንግ! ጥንግ! የሚል ሰማሁ። ከዚያ፣ ጧ!

«ይርጋ! ና ውስጡን እይ!»

የትኛው እንደሆነ አየሁ። ያን ጊዜ ነው እግሬ አውጪኝ ያልኩት።

ወንዙ ዳር ስደርስ ቆምኩ። ማዶ የእመት ካሰች አውድማ ይታያል። የሟች ሚስት ናቸው፣ የደረጄ እናት። ከዕርቁ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያዩኝ «እንደምን አደርክ» ይሉኛል፤ ከዚያ አይጨምሩም። ሮጬ ገብቼ ምን ልላቸው ነው? እኔን የሚያምነኝ ሰው የለም። ባለፈው ዓመት «ቀበሮ በጎቹን ጨረሰ» ብዬ አገሩን በሙሉ ከሠርግ ቤት አስነስቼዋለሁ።

ከወንዙ አንድ ጥቁር ደንጊያ አነሳሁ። ጭንቅላቴን ደፋ አድርጌ አንገቴ ላይ ጫንኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ክብደት አላውቅም፤ ውሃው ወገቤ ድረስ ተንጠባጠበ። እንደዚያው ሆኜ ተሻገርኩ።

እመት ካሰች በላይዳ ገብሱን ወደ ነፋስ እየበተኑ ነው። ደረጄ በሬዎቹን እያዞረ ነበር፤ ክላሹ ጭዱ ላይ ተደግፏል። መጀመሪያ ያየኝ እሱ ነው፣ ሳቀ።

«አቶ ይርጋ! ዛሬ ደግሞ የማንን ዶሮ በልተህ ነው?»

እናቱ አልሳቁም። ላይዳውን አወረዱ።

«ዝም በል፣ ደረጄ። በዚህ አይቀለድም። ማን ሞተ?»

«ሰው አልሞተም፣ እመት» አልኩ ወደ መሬት እያየሁ። «የአባቴ ደንጊያ ተሰበረ። የሰበረችው ኢንጂነሯ ናት፤ አላወቀችም። ያላወቀችው እኔ ስለዋሸኋት ነው። አባዬ ገና አልሰማም።»

በሬዎቹ ራሳቸው ቆሙ። ደረጄ ክላሹን ሲያነሳ የጭዱን ድምፅ ሰማሁ።

«ዕርቁ ፈረሰ ማለት ነው» አለ።

«ላንተ ምኑ ፈረሰብህ?» አሉት እናቱ። «ያን ቀን መቼ ወጣህና? አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር። ና ብልህ በረት ገብተህ ከውስጥ ዘጋህብኝ። እኔ ብቻዬን ወጥቼ ነው ‹አውርዱለት› ያልኩት።»

 ደረጄ መሣሪያውን አልተወም፣ አነገተው። እመት ካሰች ነጠላቸውን አራግፈው አጣፉ። ደንጊያውን አውርድ ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ቅደም» አሉኝ። «እንዳታወርደው።»

ወጣን። እኔ ከፊት፣ እመት ካሰች ከኋላዬ፣ ደረጄ ከሁሉም ኋላ። ባዶ በቀረው አንድ እግሬ እሾህ ገባ፤ ማን ጎንበስ ብሎ ይነቅላል? ስለ አባቴ አሰብኩ። ይኼ የሁለት ሰዓት ዳገት ነው፤ እሱ ግን ዓባይን ተሻግሮ ነው የመጣው። ልጅ ሆኜ አንገቱን እያስመሰልኩ ጓደኞቼን አስቅ ነበር። ዛሬ አንገቴ ራሱ ወደ ግራ ሲሄድብኝ አልሳቅኩም።

ሚካኤል ሥር አባቴ ባቄላ ሲያጭድ አገኘነው። እኔን አየ። ደንጊያውን አየ። ከኋላ የሚመጡትን አየ። ማጭዱን መሬት ላይ አስቀምጦ መጣ።

«ምን አደረግህ?»

«ዋሽቼ ነው፣ አባዬ። ያንተዋ ተሰበረች።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ለእመት ካሰች እጅ ነሳ፤ ለደረጄም። ደረጄ ወደ ጎን አየ። አባቴ ከአጠገቤ መራመድ ጀመረ። 

«ይከብዳል?» አለኝ ጥቂት እንደሄድን።

«በጣም።»

«በቀኝ አትያዘው። ወደ ግራ አድርገው፣ ይሻላል።»

ኤሌኒ ሁለቱን ግማሽ ሸራ ላይ ደርድራ፣ ፊቷ በርቶ ነበር። ሰልፋችንን ስታይ ብርሃኑ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ደህና ዋሉ፣ እማማ» አለች። «ይርጋ፣ ምንድነው የተሸከምከው?»

ሁሉንም ነገርኳት። ሳላሳምር ነገር ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ስጨርስ ወደ ሰልፉ ዞር አለች፤ ሃያ ሦስቱን አንድ በአንድ በዓይኗ ሄደችባቸው።

«ለካ ለዚህ ነው» አለች፣ ለራሷ። «ሲወጣም ሥር አልነበረው። ሁለቱ እንኳ አይመሳሰሉም። አንድ አካባቢ ያደገ ደንጊያ እንዲህ አይለያይም ብዬ ነበር። ብዬ፣ ብዬ ... ተውኩት።» ሣሩ ላይ ተቀመጠች። «ነገ ዶክተር ይመጣሉ። ምን ላሳያቸው ነው?»

 ተነሳችና እመት ካሰች ፊት ሄዳ አንገቷን ደፋች። «እማማ፣ አላወቅኩም። እጄን በቆረጠው ይሻል ነበር።»

«እጅሽ ምን አደረገ? እንጀራሽ ነው» አሉ እመት ካሰች። ከዚያ ስብራቱ ላይ ጎንበስ አሉ።  ደረጄም ከኋላቸው አንገቱን አሰገገ። ውስጡ እንደ መስተዋት ያበራል፤ ቀዮቹ ፍሬዎች ከውጭ ካሉት ይበልጥ ቀልተዋል።

«ይኼ ቀይ ምንድነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ደም ነው?»

«አይደለም፣ እማማ። ጋርኔት ይባላል። ጌጥ ይሠሩበታል። መጀመሪያ አልነበረም። ደንጊያው ሲጫነውና ሲቃጠል ነው ውስጡ ያበቀለው።»

«ሲቃጠል?»

«አዎ። ድሮ ጭቃ ነበር። ተራራ ወደቀበት፣ እሳት በላው።»

«አልቀለጠም?»

«አልቀለጠም።»

እመት ካሰች ቀና አሉ። «ሆ! እንግዲያ እኔንም መዝግቢኛ!» ብለው ሳቁ። እውነተኛ ሳቅ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ። ኤሌኒ እያለቀሰች ሳቀች። አባቴ ብቻ አልሳቀም፤ ዓይኑ ደረጄ ላይ ነው።

«እና ምን ይሁን?» አለ ደረጄ፣ ድምፁን ጠንከር አድርጎ።

«መልሰን እንተክለዋለን» አሉ እናቱ። «አንዱን ግማሽ ይሻው ያንሳ። አንዱን አንተ።»

«እኔ? እኔ ማንን ገደልኩ?»

«ማንንም። ግን ያን ቀን እዚህ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ያወረድኩትም የራሴን ሸክም ነው። ያንተን ማን አወረደልህ? በል ዛሬ በር የለም የምትዘጋው።»

ደረጄ ቆመ። ነፋሱ ጅብራውን ሲያወዛውዝ ይሰማል። አንገቴ ሊቆረጥ ነው፤ ግን እንኳን ልናገር፣ ደንጊያዬንም አላንቀሳቀስኩም። ደረጄ ጎንበስ ብሎ ግማሹን በአንድ እጁ ሞከረው። እምቢ አለው። ሁለት እጅ ይፈልጋል። ክላሹን ከትከሻው አወለቀና ሣሩ ላይ አስተኛው። ከዚያ አቅፎ አነሳው፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ።

«ይኼ ግማሹ ነው?» አለ። አባቴን አየው፣ ፊት ለፊት። «እንዴት አድርገው ነው ከመተከል የተሸከሙት?»

«አንቱ» አለው! ዘጠኝ ዓመት ስሙን ጠርቶት የማያውቅ ሰው።

«አሥራ ስድስት ቀን» አለ አባቴ። «ሌሊት ዛፍ ተደግፌ፣ ሳላወርድ።»

«ለምን አላወረዱትም? ማን ያይዎታል?»

አባቴ የራሱን ግማሽ ከሸራው ላይ አነሳ። «መልሼ የማነሳው አልመሰለኝም።»

ሁለቱ ግማሾቹን ደንጊያው ተሰንጥቆ ወደወጣበት ጉድጓድ ወሰዱ። ኤሌኒ ተንበርክካ ስንጥቁን አስተካከለች፤ «ትንሽ ወደ እርስዎ፣ ትንሽ ወደ አንተ» እያለች። ገጠመ። ፀጉር አያስገባም። አባቴ አፈሩን በእጁ ጠቀጠቀና በጉልበቱ ወደ ደረጄ እግር ሄደ። ደረጄ ሳያስጨርሰው ትከሻውን ይዞ አነሳው።

«ይቅር ለእግዜር» አለ። ድምፁ አልወጣም፣ ግን ሁላችንም ሰምተናል።

 የኔ ደንጊያ ግን አሁንም አንገቴ ላይ ነው።

«ኧረ እኔም አለሁ!» አልኩ።

እመት ካሰች ዞር አሉ፤ ረስተውኛል። «አንተ የኔ በደለኛ አይደለህም። የዋሸኸው እሷን ነው። እሷ ካለች ታውርድልህ።»

ኤሌኒ መጣች። ጎንበስ ብላ ከታች አየችኝ፤ አፍንጫዬ ላይ ላብ ተንጠልጥሏል።

«ሰባት ክንድ ተቆፍሮ፣ አይደል?» አለች።

«ስምንት ልል ነበር፣ አሳዘንሽኝ።»

ደንጊያውን በሁለት እጇ ያዘች። አላነሳችውም። «ካሁን በኋላ ስጠይቅህ?»

«እውነቱን። ባያምርም።»

አወረደችልኝ። አንገቴ ወደ ሰማይ የበረረ መሰለኝ። ደንጊያውን ከሃያ ሦስተኛው አጠገብ አስቀመጠችው፣ ደብተሯን ከፈተች። ትናንት «ጉና ፎርሜሽን» ብላ ለደንጊያዎቹ ስም ያወጣችበትን ገጽ አየችውና በአንድ መስመር ሰረዘችው።

«ስም የሚወጣው በተወለደበት ላለ ደንጊያ ነው» አለች። «እነዚህ እንግዶች ናቸው።»

«እንግዳም እኮ ስም አለው» አሉ እመት ካሰች። «ያ የመጀመሪያው የዋሴ ነው፣ ከሁመራ። ሁለተኛው ...»

ኤሌኒ ብዕሯን አነሳች። እመት ካሰች ይጠራሉ፤ አባቴ የረሱትን ያስታውሳቸዋል፤ ደረጄ ሣሩን እየነጨ ደንጊያዎቹን ያጸዳል። ኤሌኒ እያንዳንዱን ልሳ ስሙን፣ ዓይነቱን፣ የተሸከመውን ሰውና የመጣበትን አገር ትጽፋለች። ባዶ ገጽ ላይ ጉናን መሃል አድርጋ ሳለች፤ ከቋራ፣ ከሁመራ፣ ከዓባይ በረሃ፣ ከመተከል መስመር አሰመረች። የሸሸው ሁሉ የት ድረስ እንደሄደ ታየ። ቀስቶቹ ግን በሙሉ ወደዚህ ነው የሚያዩት።

«ዶክተሩ ይቆጡሻል?» አልኳት።

«ይስቁብኛል። ሲጨርሱ ግን ይኼን አነብላቸዋለሁ።»

ሃያ ሦስቱ አለቀ። ደብተሩን ትዘጋለች ስል የኔን ደንጊያ አነሳች፤ በመዶሻው ጫፍ ነካ አደረገችው፣ ላሰችው፣ በመስታወቷ አየችው። ከዚያ ጽፋ አሳየችኝ። ሦስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ የተማርኩት ለዚህ ቀን ነው፣ ራሴ አነበብኩት፤

«ቁጥር ሃያ አራት። ጥቁር ባዛልት፣ ያልተለወጠ። የተወለደበት፣ እዚሁ ጉና። የተሸከመው፣ ይርጋ ይሻው። ያሸከመው ነገር፣ ውሸት። የአሁን ሁኔታው፣ ወርዷል።»